የ58 ሲሲዋ ሞተር መጋዝ፣ ከገዛኋት ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደውሎ "ያቺ ቼንሶህ እንዴት ናት፣ እኔም ልገዛ ነው" አለኝ። ለሦስቱም የነገርኳቸው ግማሽ ግማሹን ነው፣ አንዱ ጋ ካርድ አለቀ፣ አንዱ ጋ ኔትወርክ ሄደ፣ ሦስተኛው ደሞ ዋጋዋን ብቻ ሰምቶ ዘጋው ኪኪኪ። ስለዚህ አንዴ ሁሉንም ጽፌው ልገላገል። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

እኔ ያለሁት ኮሶበር አጠገብ ነው፣ እንጅባራ በሉት። አባቴ የተከለው ባህር ዛፍ አለን፣ ግማሹ አጠና ነው፣ ግማሹ ግን ሳይቆረጥ ከርሞ በእቅፍ የማይገባ ሆኗል። እስከዛሬ በምሳርና በሁለት ሰው መጋዝ ነበር የምንገላገለው፣ ሲብስብን ሞተር መጋዝ ያለው ሰው ጠርተን በዛፍ እየተቆጠረ እንከፍላለን፣ እሱም ሲመቸው ነው የሚመጣው፣ ለኛ ቀጠሮ ሰጥቶ ሌላ ቀበሌ የተገኘበት ቀን ብዙ ነው። 2017 ጥቅምት ላይ ቤት ልሠራ ስነሳ በቃ የራሴን ልግዛ ብዬ ባህር ዳር ወረድኩ።

ሱቁን አልጠራም፣ የእቃዋንም ስም አልጠራም። ብጠራውም አይጠቅማችሁም፣ እነዚህ 52 እና 58 የሚባሉት የቻይናዎቹ የሚለያዩት በቀለምና በስቲከር ነው፣ ውስጣቸው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳፍረኛል። እነ ስቲልና እነ ሁስክቫርና አሉ፣ አንዱ የጀርመን አንዱ የስዊድን (ሁስክቫርና እንደውም በ1689 በፈረንጅ የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ ነው የተጀመረው፣ መጋዝ የሠራው ስንት ዘመን ቆይቶ)፣ አቅሙ ያለው እነሱን ይግዛ፣ ጥያቄ የለውም። ግን የነሱን ስም ለጥፈው የሚሸጡ አስመስለው የተሠሩም ስላሉ ዋጋው ሲረክስባችሁ አትደሰቱ፣ ተጠራጠሩ።

ሻጩ ልጅ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም፣ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል። ግን ሊያሳየኝ ሲል መጋዟን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወደታች እየወረወረ በሌላኛው ገመዱን ስቦ አስነሳት። ያኔ በልቤ "ጎበዝ ነው" አልኩ። አሁን ባየው እጁን ይዤ አስቆመው ነበር። ዘይቱስ ስለው "ማንኛውንም የሞተር ዘይት፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ቡሽ ጠብ አርግባት" አለኝ። ይቺ አንድ ቡሽ የምትባል ነገር ናት ጉድ የሠራችኝ፣ እመለስባታለሁ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው 20 ኢንች ባር (50 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እኔ ምላስ ነው የምላት)፣ አንድ ሰንሰለት፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ መስመር የተሰመረባት የመለኪያ ጠርሙስና በሳምንት የደነዘች ሞረድ። መጽሐፏ በቻይንኛና የቻይና በሚመስል እንግሊዝኛ። የሌለው ደሞ ሄልሜት፣ የጆሮ መከለያ፣ መነጽር፣ ጓንት፣ 2ቲ ዘይት፣ የሰንሰለት ዘይት። ቤት ገብቼ ሳስበው ለካ ገንዘቡን የከፈልኩት ለግማሿ ነው። ያ ቀሪ ግማሽ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩ። የምጽፍላችሁም በአብዛኛው ስለሱ ነው።

እሺ ዘይት። እነዚህ ሞተሮች ቱ ስትሮክ ናቸው፣ እንደ መኪና ከታች ዘይት የሚጠራቀምበት ሆድ የላቸውም። ፒስቶኑም የክራንኩ ኩሽኔታም የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዘይት የሌለው ቤንዚን ጨመራችሁ ማለት ብረት በብረት እያፋጫችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ የሻጩን ምክር ሰምቼ የመኪና ዘይት በቡሽ እየለካሁ ጨመርኩ። የመኪና ዘይት እንዲቃጠል አይደለም የተሠራው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ፣ ማርሚታው ጥቁር ነገር ያንጠባጥብ ጀመር፣ በስንት መከራ ትነሳለች ደሞ ትጠፋለች። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው ታናሽ ወንድሜ እኔ ሳልኖር ሞተር ሳይክሉ ከሚቀዳበት ጀሪካን ንጹሑን ቤንዚን ሞልቶባት ሲቆርጥ የዋለ ቀን ነው። "ዛሬ እንዴት ያለ ጉልበት አላት መሰለህ" እያለ ነበር የነገረኝ፣ ማታ ላይ ቀጥ አለች። ሲከፈት ፒስቶኑ ጎኑ በምስማር የተቧጨረ ይመስላል። ፒስቶንና ፋሻ ተቀየረ፣ ሲሊንደሩ ለጥቂት ተረፈ።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ከፋርማሲ 20 ሚሊ የሚይዝ ስሪንጅ ገዛሁ (ፋርማሲስቷ ለከብት ነው ወይ አለችኝ)። የኔ መጋዝ መጽሐፍ 1 ለ 25 ይላል፣ ያ ማለት ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ፣ ሁለት ስሪንጅ። 1 ለ 50 ለሚለው 20 ሚሊ፣ አንድ ስሪንጅ። ዘይቱ 2ቲ ወይም ቱ ስትሮክ የሚል፣ ኤፒአይ ቲሲ ወይም ጃሶ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የተጻፈበት ይሁን፣ የጀልባ ሞተር ዘይት አይሆንም፣ ጣና ዳር ላላችሁ ነው የምለው። ለብቻው ቀይ ገመድ ያሰርኩበት ጀሪካን አለ፣ ድብልቁ እዛ ብቻ ነው የሚገባው፣ ወንድሜም ከዛ ውጭ እንዳይነካ ምሏል። አንድ ወር ያለፈውን ድብልቅ አልጨምርም፣ ይበላሻል፣ ስለዚህ የሚበቃኝን ሁለት ሦስት ሊትር ብቻ ነው የማዘጋጀው።

ቤንዚኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ነው የምንገዛው፣ ውሃ ይኑርበት ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት በምን ታውቃለህ። ሃይላንዱን ትንሽ አቆሙትና ብርሃን ላይ እዩት፣ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ መስመር ሠርቶ ይታያል። ከዛ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ነጭ ጋዙን ግን በዓይን አትለዩትም፣ ከምታውቁት ሰው ግዙ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

ከፍታ ደሞ አለ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ናት፣ እኛ ጋ ከ2500 በላይ ነው። ሱቅ ደጃፍ እንደዛ ያገሳችው መጋዝ ኮሶበር ስትደርስ ጭስ ብቻ ሆነች፣ ጋዝ ስሰጣት ትንተባተባለች። ተጭበርበርኩ ብዬ ልመልሳት ሁሉ አስቤ ነበር። ነገሩ አየሩ ነው፣ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርብሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ቆላ ላይ በተስተካከለበት የሚያስገባው ቤንዚን ለዚህ አየር ይበዛባታል። አቅሟም ቢሆን ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ያህሉን እዚህ ታጣለች፣ ለዛ መድኃኒት የለውም። ካርብሬተሩ ጎን ላይ ኤች፣ ኤልና ቲ የሚሉ ሦስት ብሎኖች አሉ (ኤች በሙሉ ጋዝ፣ ኤል በዝቅተኛ ዙር የሚገባውን ቤንዚን ይቆጣጠራሉ፣ ቲ ጋዝ ሳይሰጥ የምትዞርበትን ፍጥነት)፣ የዳንግላው መካኒክ ኤቹን በካቻቢቴ ትንሽ ወደ ቀኝ ጠበቅ ሲያደርጋት ልክ ጉንፋን የለቀቀው ሰው ሆነች። ግን ይሄንን ብሎን በጣም ካጠበቃችሁት ድምጿ ይሰላል፣ ጉልበት ያላት ይመስላል፣ ቤንዚኑ ስላነሰ ዘይቱም አንሷል ማለት ስለሆነ እየነደደች ነው፣ የወንድሜ ቀን ይደገማል። ካንዴላውን ነቅላችሁ እዩት፣ የማኪያቶ ቀለም ከሆነ ጥሩ ነው፣ ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሷል ቶሎ አቁሙ። ቻግኒ ያለው ያክስቴ ልጅ መጋዟን አውሰኝ ሲለኝ እምቢ ያልኩት ለስስት አይደለም፣ ለደጋ የተስተካከለችን ይዞ ቆላ ወርዶ እንዳያነዳት ነው (ስስትም ትንሽ አለበት)።

መካኒኩ ሲከፍታት ያየነው የሚያስቅ ነገር አለ። ፒስቶኑን ለካው፣ ስፋቱ 45.2 ሚሊ ሜትር፣ የሚመላለስበት ርቀት 34 ሚሊ ሜትር። ስታሰሉት 54.6 ሲሲ ነው። 58 የሚለው ስቲከሩ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ቅር አለኝ ግን ሥራዋን አልከለከላትም። ሻጩ ግን ሲሲ ሲጨምር ዋጋ ከጨመረባችሁ ይሄን አስታውሱት።

አሁን ወደሚያስፈራው። መጋዟ ከነምላሷ፣ ከነቤንዚኗ 7 ኪሎ አካባቢ ነች፣ ሰንሰለቱ ሙሉ ጋዝ ላይ በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል። እግራችሁን ሲነካ "ውይ" ለማለት ጊዜ የለም። እና እኛ ጎጃሞች የምንወዳት ቁምጣ አለች አይደል፣ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቁምጣውን ለብሶ ቅርንጫፍ ሲመለምል ጋዙን ለቆ መጋዟን ዝቅ ሲያደርግ ገና መሽከርከር ያላቆመው ሰንሰለት ከጉልበቱ በላይ ነካው። 14 ስፌት። ጅማት አልነካም፣ ዛሬ ይሄዳል። በውጭ ሀገር ለዚሁ የተሠራ ሱሪ አለ፣ ውስጡ ረጃጅም ክር ነው፣ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሩ ተመዝዞ ጥርሱ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ቀጥ ያደርገዋል። እዚህ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ስልክ ፋንታ ይሄን ያስመጣ። እኔ ወፍራም ጂንስ በቦቲ ነው የምለብሰው፣ እሱም መጋዝ አይመልስም፣ ራሴን አላታልልም፣ ግን ከቁምጣ ይሻላል። ጋቢ፣ ፎጣ፣ ነጠላ፣ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይውለቅ። ለጆሮ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያደርጉትን መከለያ ገዛሁ፣ ድምጿ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ከ85 ጀምሮ ጆሮ ይጎዳል። መከለያ ሳይኖረኝ በዋልኩባቸው ቀናት ማታ እራት ላይ ሚስቴ የምትለው አይሰማኝም ነበር፣ እሷ ሆን ብዬ ነበር የመሰላት።

ኪክባክ የሚሉት ነገር ደሞ በራሴ ደርሷል። የወደቀ ግንድ እየቆራረጥኩ የምላሷ ጫፍ፣ የላይኛው ሩብ፣ ከኋላ ያለ ሌላ ግንድ ነካ። በቃ መጋዟ ወደ ፊቴ ተወረወረች። ሰንሰለቱ ጫፉ ላይ እንጨት ሲነክስ መብላት አይችልም፣ ስለዚህ ምላሱን ራሱን ወደላይና ወደኋላ ይመልሰዋል፣ በእጅ ጉልበት የሚያዝ ነገር አይደለም። ያዳነኝ ከፊት እጀታው በፊት ያለው ጋሻ መሳይ ነገር ነው፣ የግራ አንጓዬ ገፋው፣ ፍሬኑ ያዘ፣ ሰንሰለቱ ከግንባሬ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። ያን ቀን ሁለተኛ አልቆረጥኩም፣ ቤት ሄጄ ጠላ ጠጥቼ ተኛሁ። ይሄንን የምነግራችሁ ሦስት ነገር እንድትይዙ ነው። ጫፏ የት እንዳለ ሁሌ እዩ። የፊት እጀታውን በአውራ ጣታችሁ ጭምር ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ሁለት እጅ፣ ሁሌ። ከትከሻ በላይ አንስታችሁ አትቁረጡ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መቁረጥማ አረ በማርያም። ፍሬኑን ደሞ ጠዋት ጠዋት እሞክራለሁ፣ ትንሽ ጋዝ ሰጥቼ ጋሻውን ስገፋው ሰንሰለቱ በቅጽበት መቆም አለበት፣ እየተጎተተ ከቆመ አትሥሩባት። ጋዝ ሳልሰጥም ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ ቲ የሚለውን ብሎን ወደ ግራ ላላ አደርገዋለሁ፣ ያ ካልሠራ ፍሪስዮኑ ውስጥ ያለችው ሞላ ተበጥሳለች ማለት ነው።

ስታስነሱ መሬት ላይ አስቀምጧት፣ ፍሬኗ ተይዞ፣ የቀኝ ጫማችሁ ጫፍ በኋላ እጀታው ውስጥ ገብቶ፣ ግራ እጅ የፊቱን ተጭኖ፣ በቀኝ ትስባላችሁ። ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛውን መሳቢያ) ስባችሁ አንዴ "ጧ" ብላ ስትጠፋ ቾኩን መልሱት፣ ያለዛ ቤንዚን ጠጥታ ትሰክራለች፣ ከዛ ካንዴላ ነቅሎ ማድረቅ ነው። ቤንዚን የሞላችሁበት ቦታ ላይ አታስነሱ፣ ሦስት ሜትር ራቁ። ሞተሩ እንደጋለ አትሙሉ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ አባርሩት፣ አጎትም ቢሆን።

አጎት ካልኩ አይቀር፣ ዛፍ መጣልን ያስተማረኝ አጎቴ ነው፣ ሞተር መጋዝ ነክቶ አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን መጋዟን አንስቼ ወደ ትልቁ ባህር ዛፍ ስሄድ "ቆይ አንተ ልጅ፣ ነፋሱ ከየት ነው? ራሱ ወዴት አጋድሏል? ሲወድቅ አንተ ወዴት ነው የምትሸሸው?" አለኝ። "አያ፣ መጋዙ እኮ በሁለት ደቂቃ ነው የሚጥለው" ስላቸው "እኮ፣ ለዛ ነው አስቀድመህ ልታስብ የሚገባህ፣ እኛ በምሳር እየመታን የምናስብበት ጊዜ ነበረን" አሉኝ። አንቱ ልበላቸው እንጂ በእድሜ ብዙም አንራራቅም፣ ግን ከዛ ቀን ወዲህ አንቱ ሆኑ። አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ሩብ ያህል ጥልቀት አፍ ይከፈትለታል፣ ከዛ ከኋላ በኩል ከአፉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ይቆረጣል፣ ግን እስከ አፉ ድረስ አይደለም። የግንዱ ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ይቀራል፣ እሷ ናት እንደ በር ማጠፊያ ሆና ዛፉን ወደፈለጋችሁበት የምትመራው። እሷን ከቆረጣችኋት ዛፉ የፈለገበት ይሄዳል። መጋዟ እንዳትቀረቀር የእንጨት ሽብልቅ እየመታችሁ፣ የብረት ሽብልቅ አይሁን ሰንሰለቱን ይበላዋል። ልክ መዘንበል ሲጀምር ወደኋላና ወደጎን አግድም ሽሹ፣ ቀጥታ ወደኋላ አይደለም፣ ግንዱ ወደኋላ ይራገጣል። ሰው ከዛፉ ቁመት እጥፍ ይራቅ፣ 20 ሜትር ዛፍ ከሆነ 40 ሜትር፣ የሰፈር ህጻናት ደሞ የመጋዝ ድምጽ ሲሰሙ እንደ ሰርግ ነው የሚሰበሰቡት፣ አንድ ሰው እነሱን ብቻ እንዲጠብቅ ነው የማደርገው።

በጣም ያጋደለ ባህር ዛፍ ሳይቆረጥ ቁመቱን ይሰነጠቅና ግንዱ ወደላይ ይፈናጠራል፣ እንደዛ ያለውን አሁንም አልነካውም፣ ለሚያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ። ሌላው የኛ ሀገር ችግር ባህር ዛፍ ተጠጋግቶ ስለሚተከል የቆረጣችሁት ሌላው ላይ ይንጠለጠላል። ሥሩ ገብቶ የያዘውን ዛፍ መቁረጥ ሞት ነው። እኛ ከግንዱ ሥር ረጅም ገመድ አስረን ከሩቅ ሆነን ወደኋላ እንጎትተዋለን፣ እስኪወርድ ድረስ ከሥሩ ማንም አያልፍም።

ሰንሰለት ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው "መጋዟ አቅም የላትም" የሚለው። አቅም አላት፣ ሰንሰለቱ ደንዝዞ ነው። የሚወጣውን እዩት፣ ፍቅፋቂው ወፈር ያለ ከሆነ ስል ነው፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ካደቀቀ ደንዝዟል፣ እናንተም ስትጫኗት ትውላላችሁ፣ ትግላለች፣ ታመልጣለች። የኔ ሰንሰለት 0.325 የሚባለው (የሰንሰለቱ ልክ በኢንች) ስለሆነ 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ነው የሚሞርደው፣ የናንተ ሌላ ከሆነ ሞረዱም ይለያል። አያያዙ 30 ዲግሪ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደፊት ብቻ እየገፋችሁ፣ ስትመልሱ አንሱት። ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ሦስት ሦስት ጊዜ፣ የአንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው። እኩል ካልሆነ መጋዟ ወደ አንድ ጎን እየጎበጠች ትቆርጣለች። ከጥርሱ ፊት ያለችዋ ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት፣ ጥርሱ እየተሞረደ ባጠረ ቁጥር እሷንም በጠፍጣፋ ሞረድ ትንሽ ታወርዷታላችሁ፣ ትንሽ ነው ያልኩት፣ በጣም ካወረዳችኋት መጋዟ ትናከሳለች።

አፈር የሰንሰለት ጠላት ነው፣ አንዴ መሬት ከነካ የአንድ ሰዓት ሞረድ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የባህር ዛፍ ባለቤት የሆነ ሰው ችግር አለበት፦ ጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ይፈለጋል፣ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ትንሽ አዘንብሎ። ሞተር መጋዝ ለዚህ ከምሳር በጣም ይበልጣል፣ ቅርፊቱን አይገሽልጠውም፣ ንጹህ አድርጎ ነው የሚቆርጠው፣ ያምና ጉቶዎቼ ቁጥቋጦ ዘንድሮ ሲታይ ያስደስታል። ግን ዝቅ ባላችሁ ቁጥር አፈርና ጠጠር ትነካላችሁ። እኔ መጀመሪያ ከፍ አድርጌ እጥለዋለሁ፣ ከዛ የጉቶውን ዙሪያ በዶማ ጠርጌ ሁለተኛ ዝቅ አድርጌ አስተካክለዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል። አጥር የነበረበትን ዛፍ ደሞ አስቀድማችሁ ዳስሱ፣ ሽቦና ምስማር ውጦ ይቆማል፣ አንዱን ሰንሰለቴን የበላው የአባቴ የድሮ ምስማር ነው።

የሰንሰለት ዘይት ለብቻው ነው፣ የራሱ ቋት አለው፣ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እሱንም ሙሉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚጨምር ሰው በዝቷል፣ በነጻ ስለሚገኝ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ ፓምፑን ይበላል፣ ደሞ እየተረጨ ቆዳችሁ ላይ ነው የሚውለው፣ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር ነው። እኔ የሰንሰለቱ ዘይት ስላልተገኘ አዲስ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ነው የምጠቀመው። እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ጫፏን ነጭ ድንጋይ ወይም ካርቶን ላይ ሳታስነኩ አስጠግታችሁ ጋዝ ስጧት፣ የዘይት መስመር ካልረጨች ቀዳዳው ተደፍኗል። ጥብቀቱ ደሞ ሰንሰለቱ ከምላሷ ሆድ ሳይንጠለጠል በጓንት ሲስቡት የሚዞር ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ። አዲስ ሰንሰለት ቶሎ ስለሚለጠጥ የመጀመሪያውን ቀን ደጋግማችሁ እዩት። ሰንሰለት በሳልኩ ቁጥር ምላሷን እገለብጣታለሁ፣ አንድ ጎኗ ብቻ እንዳይበላ፣ ቦዩንም በቀጭን ሽቦ እጠርገዋለሁ።

የአየር ፊልትሮውን በየቀኑ አራግፉት፣ በሳምንት በሳሙና ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ክረምት ላይ ሳስቀምጣት ቤንዚኗን ቀድቼ አወጣና እስክትጠፋ አስነስቼ ካርብሬተሯን አደርቀዋለሁ። ማድ ቤት አታስቀምጧት፣ እሳት አለ።

እንግዲህ ፍርዱ። ከ5 ኮከብ 3.5 እሰጣታለሁ። ለባህር ዛፍ፣ ለማገዶ፣ ለቤት ሥራ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ለሚሠራ ትበቃለች። ካርብሬተሩ፣ ፍሪስዮኑ፣ የማስነሻ ገመዱ መለዋወጫው በየቦታው ስላለ እሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚያናድደኝ ንዝረቷ ነው፣ ከግማሽ ቀን በኋላ ጣቴ ይደነዝዛል፣ በብርድ ጠዋት ሲሠሩባት ደሞ ጣት ነጭ ይሆናል፣ እረፍት እየወሰዳችሁ። ፋግታ ለኮማ በኩል ደከረንስ (የግራር ዘመድ የሆነውን ዛፍ) ተክላችሁ ለከሰል በአራት በአምስት ዓመት የምትቆርጡ ግን ለዛ ቀጭን እንጨት ባትገዟት ይሻላል፣ ምሳር ይቀድማል። ለኪራይ ቀን ሙሉ ሊሠራባት የሚያስብም አይግዛት፣ ሁለት በጋ አትቆይለትም።

ድምጿን ጎረቤት አይወድም። በ12፣ በ21 እና በ29 አትነካም፣ አንዴ ረስቼ በበዓለወልድ ባስነሳት የንስሐ አባታችን ድረስ ሄደ ወሬው። ጥር 23 (የአገው ፈረሰኞች በዓል) ሲቃረብ ደሞ ፈረስ የሚገሩ ሰዎች ሜዳው ላይ ስለሚኖሩ ቀድሜ እጠይቃለሁ፣ አንድ ፈረስ አስደንብሬ ባለቤቱን ጥሎታል፣ ካሳው አንድ ሳጥን ቢራ ነበር።

ሰንሰለት ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ "20 ኢንች" ብሎ ብቻ ቢሰጣችሁ አይገጥምም፣ ወደ ቦዩ የሚገቡትን የታች ጥርሶች ቁጠሩ፣ የኔዋ 76 ናቸው፣ የመጀመሪያ ጊዜ 72 ይዤ ተመልሼ የመኪና ሂሳብ ሁለቴ ከፍያለሁ።